ማስቲካውማ ሰበብ ነው

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ስልኬ ጮኸ። ለንደን ያለችው ታናሽ እህቴ ናት። መቼም ከውጭ ስልክ ባልታሰበ ሰዓት ሲደወል ሆዳችን ቀድሞ የሚያስበው መጥፎ መጥፎውን ነው። ገና “ሃሎ” ሳትል “ደህና ነሽ?” አልኳት።

“እኔስ ደህና ነኝ ጋሼ፤ ልጁ ነው እንጂ።”

“ምን ሆነ?”

“ቁማርተኛ ሆኖልሃል!”

ልጁ ገና 12 ዓመቱ ነው። ስቄ ዝም ልላት አስቤ ነበር፤ ድምፅዋ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከባንክ የመጣላትን የሂሳብ መግለጫ ስታይ 340 ፓውንድ ከሂሳቧ ወጥቷል። ያውም በአንዴ አይደለም፤ አምስት፣ ስምንት፣ አምስት፣ ሃያ እያለ ሦስት ሳምንት ሙሉ። አንድ ጊዜ ለልደቱ ጌም ስትገዛለት ያስገባችው የባንክ ካርድ ቁጥር እዚያው ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። እሷ በሌሊት ተረኛነት አረጋውያን ስትጦር የምታገኘው ገንዘብ በልጇ አውራ ጣት እየተነካ ሲወጣ ሰንብቷል።

ልጁ ሲጠየቅ አልካደም። ነገር ግን ጥፋተኛነቱንም አልተቀበለም። “ቁማር አልተጫወትኩም፤ ሳጥን ነው የገዛሁት። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር አግኝቻለሁ። ቁማር ቢሆን ባዶ እጄን እቀር ነበር” አለ አሉ። እናቱ መልስ አጣች።

“አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። ይሄ ቁማር ነው ወይስ አይደለም?”

“መልሼ እደውልልሻለሁ” ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ መልስ ስፈልግ የሰው አገር ታሪክ ሳገላብጥ ከረምኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

መጀመሪያ ለማታውቁት ሳጥኗን ላስተዋውቃችሁ። “ሉት ቦክስ” ይሏታል፤ እኛ “የዕድል ሳጥን” እንበላት። ቪዲዮ ጌም ውስጥ ያለች፣ በዓይን የምትታይ በእጅ የማትያዝ ሳጥን ናት። ገንዘብ ከፍለህ ትከፍታታለህ፤ ውስጧ ምን እንዳለ የምታውቀው ግን ከከፈልክ በኋላ ነው። አንዳንዴ ልብስ፣ አንዳንዴ መሣሪያ፣ የኳስ ጌም ከሆነ ደግሞ ተጫዋች ይወጣል። ተራ ተራው በሽበሽ ነው፤ ብርቁ ግን በስንት አንዴ። ሳጥኗ ስትከፈት መብራቱና ሙዚቃው፣ ርችቱና ጭብጨባው ሠርግ ቤት የገባህ ያስመስልሃል።

የሕግ ሰዎች በብዙ አገር አንድን ነገር “ቁማር” ለማለት ሦስት ነገር ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ ዋጋ ያለው ነገር ማስያዝ። ሁለተኛ፣ ውጤቱን ዕድል መወሰኑ። ሦስተኛ፣ ዋጋ ያለው ሽልማት መኖሩ። ሦስቱ ከተሟሉ ቁማር ነው፤ አንዱ ከጎደለ አይደለም።

ሚዛኑን እስቲ በራሳችን ነገር እንሞክረው። ዕቁብ ውስጥ ዕጣ አለ። ነገር ግን ዕቁብተኛን ቁማርተኛ የሚል የለም። ምክንያቱም ዛሬ ባይደርስህ ነገ የከፈልካት ሁሉ ተሰብስባ ትመጣለች። ዕጣው የሚወስነው “መቼ” የሚለውን ነው እንጂ “ስንት” የሚለውን አይደለም። በጆተኒም ተሸናፊ ይከፍላል፤ ግን ጎል የሚያስቆጥረው እጅ ነው። ሎተሪ ግን ሦስቱንም ያሟላል፤ ለዚህም ነው አገሮች በሕግና በፈቃድ አስረው የሚይዙት።

የዕድል ሳጥኗስ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያለ ክርክር ታሟላለች። ጭቅጭቁ ሦስተኛው ላይ ነው። ሻጮቹ “ከሳጥኑ የሚወጣው ነገር ወደ ገንዘብ አይመነዘርም፤ ደግሞም ማንም ባዶ እጁን አይሄድም” ይላሉ። ይሄኔ የእህቴ ልጅ ክርክሩን ከየት እንደቀዳው ገባኝ። የገረመኝ ግን ክርክሩ እሱ ከሚጫወትበት ማሽን በመቶ ዓመት የሚበልጥ መሆኑ ነው። ለዚያውም የተጀመረው በማስቲካ!

በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ ቻርልስ ፌይ የሚባል ከጀርመን የሄደ መካኒክ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ “ሊበርቲ ቤል” የተባለች ማሽን ሠራ። ሳንቲም ትከታለህ፣ እጀታዋን ትስባለህ፣ ሦስት መንኮራኩሮች ይሽከረከራሉ፤ ሥዕሎቹ ከገጠሙ ሳንቲም ትተፋልሃለች። ማሽኗና መሰሎቿ በየመጠጥ ቤቱ ተባዙ። በ1909 ግን ከተማዋ አገደቻቸው።

ታዲያ ነጋዴ መላ አያጣም። “ይቺ እኮ የቁማር ማሽን አይደለችም፤ ማስቲካ መሸጫ ናት” ተባለ። ሳንቲም የከተተ ሁሉ ማስቲካ ያገኛል፤ ሥዕሎቹ ከገጠሙለት ደግሞ ተጨማሪ ይመጣለታል። ሥዕሎቹም የማስቲካውን ጣዕም እንዲመስሉ ወደ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ፕሪምና ቼሪ ተቀየሩ። እስከ ዛሬ ድረስ ቁማር ቤት ያሉ ማሽኖች ላይ ፍራፍሬ የሚታየው ከዚያ ተርፎ ነው። ማስቲካው ድሮ ቀረ፤ የሰበቡ ሥዕል ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ይሽከረከራል።

እውነቱን ለመናገር ይህን ሳነብ ማስቲካው ሩቅ አልሆነብኝም። ልጆች ሆነን የኳስ ተጫዋች ሥዕል ያለባት ማስቲካ ነበረች። ሥዕሏ በመጠቅለያው ውስጥ ስለሆነች ማን እንደሚወጣ አይታወቅም። ዳቦ ግዛ ተብዬ ከተላክሁበት ሳንቲም ቀንሼ ስንት ቀን እንደገዛሁ እግዜር ነው የሚያውቀው። ያው ተጫዋች አራት ጊዜ ይወጣብኛል፤ የምፈልገው አይመጣም። ማስቲካውንስ? ለታናሾቼ አድላለሁ። ሰፈር ውስጥ መንጋጋቸው ሳያርፍ የሚውሉት ሕፃናት በኔና በጓደኞቼ አበሳ ነበር።

ወደ አሜሪካ ልመለስ። በ1913 ሚዙሪ ውስጥ ሞበርሊ ከምትባል ከተማ የተነሣ ክስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ። የዚህኛዋ ማሽን ባለቤት ደግሞ ይብስ ብልጥ ነበር። ሳንቲምህን ከመክተትህ በፊት ማሽኗ የምታገኘውን አስቀድማ ታሳይሃለች። ማስቲካ ብቻ ከሆነ ማስቲካ ብቻ፤ ተጨማሪ ካለም ተጨማሪው ይታያል። “እንግዲህ ገዢው የሚያገኘውን አይቶ ከገዛ ዕድሉ የት አለ?” ተባለ።

ፍርድ ቤቱ ግን አልተሸወደም። ሰውየው ሳንቲሙን የሚከተው አሁን ለሚያየው ማስቲካ ሳይሆን ማሽኗ ቀጥላ ለምታሳየው ነገር ነው አለ። እንደውም የፍርዱ ሐተታ፣ የሰው ልጅ የቁማርን ሕግ ቃሉን ጠብቆ መንፈሱን ለመጣስ እንደሚራቀቀው በሌላ በምንም መጥፎ ሥራ ላይ አልተራቀቀም የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ይህ የተጻፈው ቪዲዮ ጌም ቀርቶ ቴሌቪዥን እንኳ ባልነበረበት ዘመን ነው።

አሁን ይህን ስሙኝ። በ2019 መጀመሪያ ላይ ፎርትናይት የተባለው ዝነኛ ጌም በአንደኛው የጨዋታ ክፍሉ የሚሸጣቸውን ሳጥኖች ሰው ከመግዛቱ በፊት ውስጣቸው እንዲታይ አደረገ። በ2021 ፊፋ የተባለው የኳስ ጌምም አንዳንድ ጥቅሎቹን እንዲሁ ማሳየት ጀመረ። ማየት ካለማየት ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቀጣዩን ወዲያው ለማየት የፊተኛውን መግዛት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ከሞበርሊዋ ማሽን በምን ተለየ?

እዚህ ላይ ግን ፍርዴን አላጣድፍም፤ ሕግም የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። ፒንቦል የምትባለውን በመስተዋት የተከደነች የብረት ኳስ ማሽን ፊልም ላይ አይታችኋት ይሆናል። በ1942 የኒውዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጋርዲያ “የልጆቻችንን የምሳ ሳንቲም የምትዘርፍ ቁማር ናት” ብለው አስነሡባት። ፖሊስ በሺህ የሚቆጠሩ ማሽኖችን ሰበሰበ፤ ከንቲባውም በመዶሻ ሲሰብሩ ፎቶ ተነሡ። በወቅቱ ያሉት ነገር ከእውነት የራቀ አልነበረም። ኳሷ አንዴ ከተወረወረች በኋላ የምትወድቅበትን የሚወስነው በአብዛኛው ዕድል ነበርና።

በ1947 ግን ማሽኗ ላይ ኳሷን መልሰው የሚመቱ ክንፎች ተገጠሙ። ከዚያ ወዲያ ዕድል ብቻ መሆኗ ቀረ፤ እጅ ገባበት። እገዳው ግን ሌላ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆየ። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ወጣት ጋዜጠኛ በከተማው ምክር ቤት ፊት ቆሞ “ኳሷ በመሐለኛው መስመር ታልፋለች” ብሎ ተናግሮ ለቀቃት፤ ኳሷም እንዳለው አለፈች። እገዳው ተነሣ። የሚያስቀው፣ ሰውየው ከዓመታት በኋላ በዚያች ምት ዕድልም እንደረዳው መናገሩ ነው! ስለዚህ “አዲስ መጫወቻ በመጣ ቁጥር ሽማግሌ ይጮኻል” የሚሉን ልጆች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።

የዛሬዋ ሳጥን የቅርብ ዘመድ ግን የምትገኘው ጃፓን ነው። እዚያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሳንቲም ከተህ ስታሽከረክራቸው በፕላስቲክ እንቁላል ውስጥ ያለ አሻንጉሊት የሚጥሉ ማሽኖች ነበሩ። ከድምፃቸው ተነሥተው “ጋቻ” ይሏቸዋል። ጋቻ ከሱቅ ደጅ ወደ ስልክ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ሱቅ ደጅ የቆመው ልጅ ኪሱ ያለው ሳንቲም ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስልኩ ውስጥ ግን ሳንቲሙ የሱ አይደለም፤ የአባትና የእናቱ ካርድ ነው። አያልቅም፣ አይከብድም፣ ሲወጣም አይጮኽም።

ከሁሉም የከፋው “ኮምፕሊት ጋቻ” የተባለው ነበር። በዕድል የሚወጡ የተለያዩ ዕቃዎችን አንድ ሳይጎድል ያሟላ ትልቁን ሽልማት ያገኛል። የመጀመሪያዎቹ በቀላሉ ይመጣሉ፤ የመጨረሻዋ አልመጣ ትላለች። አንዷ የቀረችው ሰው ደግሞ እስካሁን ያወጣው ገንዘብ እንዳይባክን ብሎ ሌላ ያወጣል። በ2012 የጃፓን የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይህ አሠራር ሕግን ይጥሳል አለ። አዲስ ሕግ አላወጣም፤ ከሽልማት ጋር የሚሸጥ ዕቃን የሚመለከት፣ ስልክ ኪስ ውስጥ ሳይገባ የነበረ ሕግ ነው የተጠቀሰው። ጃፓኖቹ ነገሩን ከማስቲካና ከከረሜላ ጀምሮ ያውቁታልና። ተራው ጋቻ ግን እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ለመሆኑ የማይታወቅ ነገር ለምን እንዲህ ይጎትተናል? በ1957 ፈርስተርና ስኪነር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በርግቦች ላይ የሠሩትን አሳተሙ። ርግቧ አንድ ቁልፍ በመንቁሯ ስትመታ እህል ይወርድላታል። እህሉ ስንተኛው ምት ላይ እንደሚወርድ በማይታወቅበት ጊዜ ርግቧ ሳታርፍ፣ በፍጥነት፣ ለረጅም ጊዜ ትመታለች። በየተወሰነ ምት የሚወርድላት ርግብ ግን እህሉን ካገኘች በኋላ ፋታ ትወስዳለች። ደመወዝተኛና ሎተሪ ቆራጭ እንደማለት ነው። “የሚቀጥለው ላይ ይሆናል” የምትለዋ ተስፋ ናት የማታስተኛው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ የኛ ዘመን መጣ። ፊፋ በ2009 “አልቲሜት ቲም” የተባለውን፣ ተጫዋቾች ከታሸገ ጥቅል የሚወጡበትን ክፍል ጨመረ። በ2017 “ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2” የተባለ ጌም ሲወጣ፣ ሙሉ ዋጋ ከፍለው የገዙት ሰዎች ሳጥኖቹን አይተው እሪ አሉ፤ ካምፓኒው በመውጫው ዋዜማ የገንዘብ ሽያጩን ለጊዜው አቆመ። መንግሥታትም ነቁ።

በ2018 ሁለት ጎረቤታም አገሮች አንድ ዓይነት ነገር አይተው ጀመሩ፤ መጨረሻቸው ግን ተለያየ። የቤልጅየም የቁማር ኮሚሽን ፊፋን ጨምሮ ሦስት ጌሞች ውስጥ ያሉት ሳጥኖች ሕገ ወጥ ቁማር ናቸው አለ፤ የፊፋ ባለቤት ኤሌክትሮኒክ አርትስም በ2019 መጀመሪያ እዚያ አገር በገንዘብ መሸጡን አቆመ። የኔዘርላንድስ ተቆጣጣሪ ደግሞ ይህንኑ ካምፓኒ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ በ2020 ፍርድ ቤት ቅጣቱን አጸናው። በ2022 ግን ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሻረው። ምክንያቱ? ጥቅሎቹ ራሳቸውን የቻሉ ጨዋታ አይደሉም፤ ችሎታ የሚጠይቅ የአንድ ትልቅ ጨዋታ አካል ናቸው የሚል ነው። ያው ጥቅል ድንበር ሲሻገር ቁማርነቱ ጠፋ!

እህቴ ባለችበት እንግሊዝስ? በ2019 የፓርላማ ኮሚቴ ፊት የቀረቡት የዚያው ካምፓኒ ተወካይ ነገሩን አሻንጉሊት ካለበት የቸኮላት እንቁላል ጋር አመሳሰሉት። በ2020 የጌቶች ምክር ቤት ኮሚቴ “በቁማር ሕግ ሥር ይግባ” አለ። መንግሥት ግን በ2022 ሕጉን አልቀይርም ብሎ ነገሩን ለጌም ሠሪዎቹ ማኅበር ተወው። ማኅበሩም በ2023 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይገዙ የሚል መመሪያ አወጣ። መመሪያ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። እህቴም “ፈቃድ” የሰጠችው ለልደቱ ቀን ነበር።

ስሙ ምን አገባን የሚል ይኖራል። ያገባናል! እዚያ አገር ለልጅ ቁማር መሸጥ ወንጀል ነው። “ቁማር” ከተባለ ተጠያቂው ሻጩ ነው፤ “አስገራሚ ሳጥን” ከተባለ ግን ተጠያቂው የ12 ዓመት ልጅና በሌሊት የምትሠራ እናቱ ናቸው።

በሌላ በኩል ያለውንም እውነት ልናገር። ብዙ ተጫዋች አምስት ሳንቲም ሳያወጣ ይጫወታል፤ በነፃ የሚገኙ ጌሞች የሚኖሩትም ሌላው በሚከፍለው ነው። በ2018 ከ7,000 በላይ ተጫዋቾችን ያሳተፈ አንድ ጥናት ለሳጥን ብዙ የሚያወጡና በቁማር የሚቸገሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ያው ሰዎች ሆነው አግኝቷቸዋል። ሳጥኑ ቁማርተኛ ያደርጋል ወይስ ቁማርተኛው ወደ ሳጥኑ ይሳባል የሚለውን ግን ጥናቱ አይለይም። እገዳም ቢሆን ተአምር አይሠራም። ቤልጅየም ካገደች ከዓመታት በኋላ በተደረገ ምርመራ፣ እዚያው አገር ብዙ ገቢ ከሚያገኙ 100 የአይፎን ጌሞች 82ቱ አሁንም ሳጥን ይሸጡ ነበር።

እኔ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። ከማስቲካው ማሽን ጀምሮ ነጋዴው ሁልጊዜ የሚያሳየን መውጫውን ነው። “ይኸው ማስቲካ ወጣ፣ ይኸው አሻንጉሊት ወጣ፣ ይኸው ቀለም ወጣ፤ ባዶ እጁን የሄደ የለም” ይላል። ዳኞቹም ብዙውን ጊዜ የወጣውን ይዘው ዋጋውን ይመዝናሉ። ጉዳቱ ግን ያለው መግቢያው ላይ ነው። የሚገባው እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ የማን ነው? ማቆሚያ አለው? የከተተው ሰው የገዛው ያገኘውን ነው ወይስ የሚቀጥለውን? ሞበርሊን ያየው ፍርድ ቤት ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ጠይቆ ነበር። በዚህ ሚዛን ዕቁብ ነፃ ይወጣል፤ ጆተኒም ነፃ ይወጣል። ለልጅ የምትሸጠው የዕድል ሳጥን ግን አትወጣም። ሕጉ የፈለገውን ይበላት፤ እኔ ቁማር ናት ብያለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ደወልኩና ለእህቴ ይህንኑ ነገርኳት። ካርዱን ከማሽኑ አጥፍታለች፤ ለልጁም በየወሩ የተቆረጠ የኪስ ገንዘብ ልትሰጠው ተስማምተዋል። “እስቲ አገናኚኝ” አልኳት።

በተሰባበረች አማርኛው ሰላምታ ሰጠኝ። አልተቆጣሁትም፤ የማስቲካውን ታሪክ ነገርኩት። የማሽኗንም፣ የኔንም፣ ከዳቦው ሳንቲም ስቀንስ የነበረውንም ጭምር። ዝም ብሎ ሰማኝ።

“ለመሆኑ የምትፈልገው ወጣልህ?” አልኩት።

“አዎ። ወርቃማ ክንፍ ነበር። ወጣልኝ።”

“ታዲያ ትጫወትበታለህ?”

ትንሽ አሰበ። “አሁን ሌላ መጥቷል” አለ።

ከዚያ ደግሞ እሱ በተራው ጠየቀኝ፤ “ጋሼ፣ አንተስ ያንን ማስቲካ ትበላው ነበር?”

“ኧረ የለም” አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። እናቱ ግን ከኋላ አልሳቀችም፤ ለሌሊቱ ሥራ ጫማዋን እያሰረች ነበር።